ለጋሪም ይሠራል

ደብረወርቅ ወደ ቤት ስትገባ እናቷ ካሴ መደቡ ላይ ተቀምጣ የግራ ክንዷን ዘርግታ ነበር። ክንዷ ላይ ጥቁር ወፍራም ገመድ ሦስት ጊዜ ተጠምጥሟል። ከገመዱ ጫፍ ያለውን ሰማያዊ ማሽን ጎረቤታቸው መባ በሁለት እጇ ይዛ፣ እንዳይፈስባት የምትጠነቀቅለት ነገር ይመስል ከፍ አድርጋዋለች። መባ የራሷንም እጅጌ ከወዲሁ እስከ ክርኗ ሰብስባለች፤ ተራ መያዟ ነው።

«አንቺ ልጅ፣ ይኼ ነገር አይናገርም» አለች ካሴ ክንዷን ሳታንቀሳቅስ። «ትንፋሼን ይዤ ስጠብቀው ቆየሁ። ጭጭ!»

«እማዬ፣ እሱ የመኪና ነው።»

«የመኪና ምን?»

«የመኪና መመርመሪያ።»

መባ ቀስ ብላ እጅጌዋን አወረደች። ካሴ ላይ መፍረድ አይቻልም። ልጇ ለሁለት ወር ስለዚህ ዕቃ በስልክ ስታወራ የሰማችው «ሕመሙን ራሱ ይናገራል»፣ «ሰክቶ መጠበቅ ብቻ ነው»፣ «ሐኪም ቤት መመላለስ ቀረ» የሚል ነው። ስለዚህ ደብረወርቅ የደም ግፊት መለኪያ ልታመጣ ነው ብላ ለሰፈሩ ተናግራለች። መባም ውጤቷ እንዲያምር ከረቡዕ ጀምሮ ጨው ቀንሳ ነበር።

«አራት ሺህ ሁለት መቶ ብር ለመኪና ደም ግፊት!» አለች ካሴ ገመዱን ከክንዷ እየፈታች።

«ሰውማ ጤና ጣቢያ አለው፤ መኪና ማን አለው ብላ ነዋ» አለች መባ፤ ያለ ጨው የበላችው ሽሮ እየቆጫት።

ሻጩ ባሕር ማዶ ነው ያለው። ፊቱ አይታወቅም፤ የሚታወቀው ሰውን ሁሉ «ውድ ጓደኛዬ» ብሎ መጥራቱ ነው። ደብረወርቅ ከመግዛቷ በፊት ጠይቃዋለች። ለቪትዝ ይሠራል? አዎ ውድ ጓደኛዬ። ለአይሱዙስ? አዎ ውድ ጓደኛዬ። ለባጃጅ? አዎ ውድ ጓደኛዬ። ጥርጣሬ ስለገባት በመጨረሻ ፈረስ ለሚጎትተው ጋሪም ይሠራ እንደሆነ ጠየቀችው። «አዎ ውድ ጓደኛዬ፣ ለጋሪም ይሠራል፤ ዛሬ ካዘዝሽ ቅናሽ አለ» አላት። ብርድ ልብሷ ውስጥ ብቻዋን ሳቀች፤ በማግሥቱም ገዛችው። እውነት የሚናገሩት ሻጮች ዋጋቸው ከአርባ ሺህ ብር ይጀምር ነበርና ለእሷ አቅም የሚስማማው ውሸታሙ ብቻ ነው። ገንዘቡን ያጠራቀመችው የጎረቤት ልጆችን ሒሳብ አስጠንታ ነው። አዲስ አበባ ያለ በቴሌግራም ትእዛዝ የሚቀበል ሰው አስመጣላት። ከዚያ ማሽኑ ባሕር ዳር ደረሰና መንገድ ተዘጋ፤ መንገድ ተከፈተና የያዘው ሾፌር ታመመ። በመጨረሻ ዛሬ ዓርብ ጠዋት አንድ የሚኒባስ ረዳት በፓስታ ካርቶን ጠቅልሎ አስፋልት ዳር ለካሴ አስረከባት። የራሱ ሣጥን የት እንደቀረ የጠየቀው የለም።

ደብረወርቅ ገመዱን እየጠቀለለች ዓይኗ ከአልጋዋ ግርጌ ወዳለው ሻንጣ ሄደ። ሻንጣው ከረቡዕ ጀምሮ እዚያ ነው፤ ካሴ ፎጣዋን ሳይቀር ተኩሳ አጥፋ ከትታለታለች። ደብረ ታቦር ያለ የአክስቷ ልጅ ፎቶ ኮፒ ቤት ከፍቶ ሰኞ ሥራ እንድትጀምር ይጠብቃታል። በኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተመርቃ ሁለት ዓመት አጎቷ ጋራዥ በር ላይ ዘይትና ፊልትሮ ስትሸጥ ቆይታለች። ኮፈን ከፍታ መሥራት እንደምትፈልግ አንድ ጊዜ፣ ያውም ወደ መሬት እያየች፣ ተናግራ ነበር። አጎቷም «ማሽንሽ ይምጣና እናያለን» አሏት። ይህ የእሺታ ይሁን የእምቢታ መልስ ሁለቱም አላብራሩትም። ማሽኑ አሁን መጥቷል። ቢሠራ ጋራዥ ነው፤ ባይሠራ ፎቶ ኮፒ።

የጋሼ መንግሥቴ ጋራዥ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በሁለት የሩዝ መፈልፈያዎች መካከል ነው። ወሩ ታኅሣሥ ስለሆነ ሁለቱም ከንጋት ጀምሮ ይጮኻሉ። የሚተፉት እብቅ ጣሪያውን፣ አጥሩን፣ የቆሙትን መኪናዎች፣ የሰው ቅንድብ ሳይቀር ቢጫ ያለብሳል። ፎገራ ሩዙን ሲሰበስብ ወረታ ውስጥ የሚወፍሩት ነጋዴዎችና አይጦች ናቸው፤ ነጋዴዎቹ ቢያንስ በቀን ይታያሉ። ጋሼ መንግሥቴ የካሴ ታላቅ ወንድም ናቸው። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ መኪና የመረመሩት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ክንድ በሚያህል ካቻቢቴ። ብረቱን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ ያደርጉና ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ግራ እጃቸውን ከፍ ካደረጉ ጋራዡ ጸጥ ይላል፤ በበሩ የሚያልፍ ባጃጅ ሳይቀር እንዲያፍር ይጠበቃል። ከዚያ ዓይናቸውን ይገልጡና «ሦስተኛዋ ፒስተን ናት» ይላሉ፤ ሦስተኛዋም ትሆናለች። ለዚህ ጆሮ ሲሉ ከሐሙሲት የሚመጡ ሾፌሮች አሉ። እጃቸውን የሚጠርጉት ካሴ ባለፈው ፋሲካ ከሳሎን አውርዳ በሰጠቻቸው መጋረጃ ነው፤ ወይን ጠጅ መደብ ላይ ነጫጭ አበባ ያለበት። ደብረወርቅ ከኋላው ተደብቃ ያደገችበት መጋረጃ አሁን በየቁራጩ ተቀዶ የሞተር ዘይት ይጠርጋል።

«ከባሕር ማዶ የመጡት እንግዳ የታሉ?» አለ ባምላክ ገና ከበሩ ስትገባ። ባምላክ የጋራዡ ሁለተኛ መካኒክ ነው። ቅኔ ቤት አራት ዓመት ቆይቶ፣ የኔታ አንድ ቀን የተበላሸ ሞተር ብስክሌታቸውን ሲጠግን አይተውት «አንተስ ጥሪህ ሌላ ነው» ብለው አሰናበቱት። ዜማው ግን አልለቀቀውም፤ ጎማ በፈታ ቁጥር ያዜማል።

የመጀመሪያው ታካሚ አንድ አሮጌ አይሱዙ ነበር። ባምላክ መሪው ሥር በጀርባው ተኝቶ በስልኩ መብራት መሰኪያ ፈለገ፤ ሁለት የቆሎ ፍሬና አንድ የጠፋ ቁልፍ አገኘ። ቀጥሎ ሚኒባስ፤ የለም። ቀጥሎ የጋሼ መንግሥቴ የራሳቸው ኮሮላ፤ ዕድሜዋ ከደብረወርቅ ይበልጣልና እሷም የላትም። ማሽኑ የሚሰካው እንዲህ ያለ መሰኪያ ኖሯቸው በተሠሩ መኪናዎች ላይ ነው፤ የጋራዡ ደንበኞች ግን አብዛኞቹ ከዚያ በፊት የተወለዱ ናቸው። ደብረወርቅ ይህን ዩኒቨርሲቲ እያለች ተምራዋለች። ዙሪያዋን አይታ መቁጠር ግን ትዝ ብሏት አያውቅም።

«እንግዳችን ማደሪያ አጡ» አሉ ጋሼ መንግሥቴ። ፊታቸው ላይ ክፋት የለም፤ ትንሽ ደስታ ግን አለ።

«ቆይ፣ ለጋሪም ይሠራል ብሏት የለ?» አለ ባምላክ። ይህን ለእሱ መንገሯ ስሕተት ነበር። ወደ በሩ ሮጦ የሚያልፍ ባለጋሪ አስቆመ። «ወንድሜ፣ ፈረስህን ልንመረምረው ነበር። መሰኪያው በየት በኩል ነው?»

ባለጋሪው ማሽኑን አየ፤ ባምላክን አየ። «ጅራቱን አንሣና ፈልግ» ብሎ ፈረሱን ነዳ።

ደብረወርቅ የዘይት ጣሳ መቁጠር ያለባት ይመስል ወደ ጠረጴዛዋ ሄደች። ጋሼ መንግሥቴ ተከትለዋት መጥተው ትንሽ ቆሙና «ፎቶ ኮፒ ቤት እኮ ጥላ ነው፤ ፀሐይም አቧራም የለው» አሉ። ሊያጽናኗት ነው። እሷም አንገቷን ነቀነቀች፤ አሥራ ሦስት ጣሳ ነበር፣ እንደገና ቆጠረች፣ አሥራ ሦስት ነው።

ወደ ስድስት ሰዓት ላይ ሐጂ ሳልህ መጡ። በስተግራ ያለው የሩዝ መፈልፈያ ባለቤት ናቸው፤ ነጭ ጀለቢያ ለብሰው ለጁምዓ መውጣታቸው ነው። ብርማ ቪትዛቸውን ግቢው መሐል አቆሙና ቁልፉን እያሽከረከሩ ወረዱ።

«መንግሥቴ፣ ነገ ሀሚዳን ለጉልበቷ ወንዛዬ ፍል ውኃ ልወስዳት ነው። ሁለቱ የልጅ ልጆቼም እኛስ ብለው ተነሡ። ዘይትና ውኃዋን እይልኝ። ያችን የዳሽቦርድ ቢጫ መብራት ካጠፋህልኝ ወዲህ እንደ ሙሽራ ነው የምትሄድ።»

«ምንም የላትም» አሉ ጋሼ መንግሥቴ እጃቸውን በመጋረጃው እየጠረጉ። እጃቸው ንጹሕ ነበር።

ሐጂ ሳልህ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ማሽን አዩት። «ይኼ ነው የሰፈሩን ሴቶች ግፊት የሚለካው?»

«የመኪና ነው፣ ሐጂ» አለች ደብረወርቅ።

«በይ እንግዲያ፣ ሰግጄ እስክመለስ ለኪያት» ብለው ቁልፉን በእሷ መዳፍ ላይ ጥለው ሄዱ። ጋሼ መንግሥቴ «ዘይቱን ብቻ...» ማለት ጀምረው ነበር፤ የሰማቸው የለም።

ከቪትዟ መሪ ሥር፣ በግራ በኩል፣ መሰኪያው ነበር። ጫፉ ገብቶ ቀጭ ሲል ማሽኑ በራ፤ ባምላክም «ገባ!» ብሎ እልል ሊል ቃጣው። ደብረወርቅ ቁልፉን ሞተር ሳታስነሣ አዞረች። ቁልፍ ሲዞር መኪና መብራቶቹን ሁሉ ለአፍታ አብርቶ ያሳያል፤ ሁሉም በቦታቸው አሉ ለማለት። የባትሪው በራ፤ የዘይቱ በራ፤ የፍሬኑ በራ። የሞተር ቅርጽ ያላት ቢጫዋ መብራት አልበራችም። ደብረወርቅ ቁልፉን አጥፍታ እንደገና አዞረች። አልበራችም። ከኋላዋ ባምላክ ጉሮሮውን ጠራርጎ ዜማ ጀመረ፤ ያውም በጾመ ነቢያት የፋሲካ ዜማ፤ ሲጨነቅ ወቅቱ ይምታታበታል።

ማሽኑ ሁለት ስሕተት ቆጠረ። ሁለቱም ስለ አንድ ነገር የሚናገሩ ነበሩ፤ የሞተሩን ሙቀት የሚለካው ክፍል ዝም ብሏል። ጋሼ መንግሥቴ የቪትዟን በር ተደግፈው ቆመዋል።

«ምን አለሽ?»

«ሙቀት መለኪያው አይናገርም ይላል።»

«መብራት ግን የለም።»

«መብራቷ ቁልፍ ሲዞርም አትበራም፣ ጋሼ።»

በዚህ መሐል የሐጂ ሳልህ መፈልፈያ ለጁምዓ ቆመ፤ የዚያኛውም ቀጥሎ ቆመ። በታኅሣሥ ጋራዡ ውስጥ ጸጥታ የሚሰማው በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በዚህች ሰዓት ብቻ ነው። አጎትና የእህት ልጅ በዚያ ጸጥታ ውስጥ ቆሙ። እሷ መሪውን ታያለች፤ እሳቸው የጎማውን ጌጥ ያያሉ። ሁለቱም ከአንድ ቤት የወጡ ናቸውና እንዴት ዝም እንደሚባል ያውቃሉ፤ የካሴ ባል ሲሞት ይህ ቤተሰብ አንድ ወር ስለ ሽንኩርት ዋጋ ብቻ ነው ያወራው።

«ናስትሮ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ሽቦ የምንጠቀልልበት ጥቁሩ። ዳሽቦርዱን ፈትቼ ከውስጥ ለጠፍሁባት። ሰውዬው መብራት በራብኝ ብሎ መጣ፤ መብራቱን አጠፋሁለት። ሞተሩንማ አዳምጨዋለሁ። ደኅና ነበር።»

ጆሮ ሙቀት አይሰማም ለማለት አፏ ላይ ደርሶ ነበር። አላለችም፤ ወርዳ ኮፈኑን ከፈተች። ሁለት ዓመት ፈቃድ የጠየቀችበትን ነገር ፈቃድ ሳትጠይቅ ማድረጓን ያስተዋለው ባምላክ ብቻ ነው። ማሽኑን ወንበሩ ላይ ትታ ሽቦውን በጣቷ ተከትላ ሄደች፤ ከላይ ያለውን የላስቲክ ክዳን ስታነሣ አንድ የደለበ አይጥ እጇን ረግጦ ዘለለ። «በስመ አብ!» አለ ባምላክ፤ ወልድና መንፈስ ቅዱስን አይሱዙው ላይ ወጥቶ ጨረሳቸው። ከክዳኑ ሥር ጎጆ ነበር። እብቅ፣ ሩዝ፣ የፌስታል ብጥስጣሽ፣ እስከ መዳቡ የተጋጠ ሽቦ። ከመሐል፣ አይጡ እንደ ፍራሽ ያነጠፈው፣ ወይን ጠጅ መደብ ላይ ነጫጭ አበባ ያለበት ጨርቅ። የጨርቁ አንድ ጠርዝ የጋለውን ቱቦ ነክቶ ጠቁሯል።

ጋሼ መንግሥቴ ጨርቁን አወቁት። ደብረወርቅም አወቀችው። ከአሥር ቀን በፊት መብራቷን ሲያጠፉ ሞተሩ ላይ ረስተውት ክዳኑን ከድነዋል። አነሡት፤ እብቁን አራገፉት፤ የጠቆረውን ጠርዝ በአውራ ጣታቸው ዳበሱት፤ ተፈርፍሮ እጃቸው ላይ ቀረ። ከዚያ በአራት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

«ጁምዓ ስንት ሰዓት ያልቃል?»

«ሰባት ሰዓት» አለ ባምላክ ከአይሱዙው ላይ ሆኖ። «ስብከቱ ከረዘመ ሰባት ተኩል።»

«ያርዝምልን እንግዲህ።»

ፒንሳውን ለደብረወርቅ ሰጧት። ጣቴ ወፍራም ነው አላሉም፣ ዓይንሽ ይሻላል አላሉም፤ ዝም ብለው ሰጧት፣ እሳቸው የእጅ ባትሪ አበሩላት። የተቆረጠውን ሽቦ ቀጠለች፣ ጠቀለለች፣ ጎጆውን ጠራርጋ አወጣች። ማሽኑን ስትጠይቀው ምንም የለም አለ።

«ናስትሮውስ?» አለች።

«ከተሠራች መብራቷ ምን ታደርግላታለች?»

«አይጡ ይመለሳል፣ ጋሼ።»

ጥቂት አሰቡና ዳሽቦርዱን ራሳቸው መፍታት ጀመሩ። ሒሳቡ ለሁለቱም ግልጽ ነበር። ሐጂ ሳልህ ከመምጣታቸው በፊት ናስትሮው ተልጦ ዳሽቦርዱ ከተገጠመ፣ ነገሩ ሁሉ ቀጥ ይላል፤ ማንም ሳያውቅ ሐቀኞች ይሆናሉ።

በዚያ ዓርብ ግን ስብከቱ አጭር ነበር።

«ያ አላህ! አረዳችኋት እንዴ?» ሐጂ ሳልህ በሩ ላይ ቆመዋል። ዳሽቦርዱ ወንበር ላይ ተጋድሟል፤ የተላጠው ናስትሮ የደብረወርቅ አውራ ጣት ላይ ተጣብቋል።

«ማሽኑ ነው ክፈቱ ያለን» አሉ ጋሼ መንግሥቴ።

ሐጂ ሳልህ ወደ ደብረወርቅ ዞሩ። «ምን አለ ማሽኑ?»

አጎቷ መሬት መሬት ያያሉ። ቢያዩዋት፣ ቢቆጧት እንኳ፣ ይቀላት ነበር። ሻንጣው ትዝ አላት፤ የተተኮሰው ፎጣ።

«ሙቀት መለኪያው አይናገርም አለ፣ ሐጂ። ሽቦውን አይጥ በልቶት ነው። አሁን ቀጥለነዋል።» ይህ ሁሉ እውነት ነበር፤ እዚህ ላይ ማቆም ይቻል ነበር። «መብራቷም በናስትሮ ተሸፍና ነበር። ለዚህ ነው ሳያዩ የቆዩት።»

«ማን ሸፈናት?»

ከአይሱዙው በኩል የባምላክ ድምፅ መጣ። «አይጡ።»

«ናስትሮ የሚለጥፍ አይጥ!»

«የወረታ አይጥ ነው፣ ሐጂ። እዚህ የማይማር የለም።»

የሐጂ ሳልህ ከንፈር ጫፍ ትንሽ ተንቀሳቀሰ፤ ጋሼ መንግሥቴ እጃቸውን ኪሳቸው ባይከቱ ኖሮ ነገሩ በሳቅ ያልፍ ነበር ይሆናል። በአራት የታጠፈውን ጨርቅ አውጥተው፣ የጠቆረው ጠርዙ ወደ ላይ እንዲታይ አድርገው ኮፈኑ ላይ አስቀመጡት። «ይኼም ሞተሩ ላይ ነበር። አይጥ አይደለም፣ ሳልህ። እኔ ነኝ። ሁለቱንም።»

ሐጂ ሳልህ የጨርቁን የጠቆረ ጠርዝ በጣታቸው ነኩት። «ነገ ልጆቹ ከኋላ ወንበር ናቸው» አሉ። ዳሽቦርዱ እስኪገጠም ቆመው ጠበቁ፤ ደብረወርቅ ቁልፉን ስታዞር ቢጫዋ መብራት በራች፣ ሞተሩ ሲነሣ ጠፋች። «ድገሚው» አሏት። ደገመችው። «አንድ ጊዜ ደግሞ።» ሦስተኛም አደረገችው። ከዚያ ገብተው ነዱ፤ ጋሼ መንግሥቴን አልተሰናበቱም፣ ለእሷ ግን በመስኮቱ እጃቸውን አነሡ።

ጋሼ መንግሥቴ ሄደው በእሷ ወንበር ተቀመጡ። ሁለቱ መፈልፈያዎች ሥራ ጀምረው ጩኸቱ ተመለሰ፤ እሳቸው ግን ካቻቢቴውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ብዙ ቆዩ። «ወረቀት አምጪ» አሉ በኋላ። «ጻፊ። የባለ ጨርቅ ቤቷ ያሪስ፣ አምና። የሐሙሲቱ ሾፌር ሚኒባስ። የእንስሳት ሐኪሙ ቪትዝ፣ እሷን ሁለት ጊዜ...» ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ሞተር እንደሚያዳምጡ ሆነው፣ ናስትሮ የለጠፉበትን መኪና ሁሉ ከነዘመኑ ጠሩላት። «የደብሩ አስተዳዳሪ ፒክአፕ።»

«የአባታችንንም?» አለ ባምላክ።

«እሳቸውማ ራሳቸው ናቸው ሸፍንልኝ ያሉ። ስነዳ ዓይኔን ትወጋኛለች ብለው።»

አሥራ ሰባት ደረሰ። አሥራ ሰባተኛዋ ግቢው ውስጥ የቆመችው የራሳቸው ኮሮላ ነበረች። ደብረወርቅ ሰኞ ደብረ ታቦር እንደምትጠበቅ ልታስታውሳቸው አስባ ነበር፤ ከአፏ የወጣው ግን «መቼ ልጀምር?» የሚል ነው። «ሰኞ» አሉ።

ካሴ ይህን ስትሰማ ሻንጣውን ያለ አንድ ቃል ባዶ አደረገች፤ ቅሬታዋ ፎጣውን ለመተኮስ በከንቱ ስለነደደው ከሰል ብቻ ነበር። እሑድ ኔትወርክ ሲመጣ ከባሕር ማዶው ሻጭ መልእክት ገባ። ውድ ጓደኛዬ፣ ዕቃው ከደረሰ እባክሽ አምስት ኮከብ ስጪኝ ይላል። ደብረወርቅ አራት ሰጠችው፤ አንዱን ስለ ጋሪው ቀነሰችበት። ሐጂ ሳልህ ከወንዛዬ በሰላም ተመልሰዋል፤ ወደ ጋራዡ ግን አልመጡም።

ሰኞ ጠዋት ከኮሮላዋ ጀመሩ። ደብረወርቅ ናስትሮውን ስትልጥ ቢጫዋ መብራት በራች፤ ሞተሩ ሲነሣም አልጠፋችም። ማሽኑ የሚሰካበት ስለሌላት ጋሼ መንግሥቴ ካቻቢቴውን አነሡ፤ ጆሯቸው ጋ ሊያደርሱት ብለው ተዉትና ለእሷ ዘረጉላት። ብረቱን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዋ ላይ አደረገች። ግራ እጇን ከፍ ስታደርግ ባምላክ ዜማውን አቆመ።